ቀሚስ ፍሪዘር ውስጥ

እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር የመጣሁት ኪዩሬተር ልሆን ነው። ኪዩሬተር ማለት የሙዚየምን ቅርስ የሚሰበስብ፣ የሚያጠና፣ የሚጠብቅና ለእይታ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። ለእናቴ በስልክ ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት አቋረጠችኝ፤ «እንዴ፣ ቄሰ ገበዝ ልትሆን ነዋ!» የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ማስተማር የጀመረው በፈረንጆቹ 1966 ነው። እኔ ዕቃ መስታወት ውስጥ አሳምሮ መደርደር የምማር መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩን ግን ስለ ብል ነው። አዎ፣ ያ ልብስ የሚበላው ብል! በየጥጋጥጉ ውስጧ ሙጫ የተቀባ ትንሽ የካርቶን ጎጆ ትቀመጣለች፤ ብሉ ሲገባ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በማጉያ መነጽር እያየን ስንት እንደተያዘ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ እንመዘግባለን። ባሕር ተሻግሬ ብል ልቆጥር!

ብል የገባበት ልብስ ሲገኝማ ጉድ ነው። ጠቅልለው፣ በፕላስቲክ አሽገው፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 3 ቀን ያሳድሩታል። «ቀሚስ? ሥጋ በሚቀመጥበት?» አለች እናቴ። እሷ ጥምቀት ሲቃረብ ሳጥኗን ከፍታ ጥበብ ቀሚሷን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ብሉም የሳጥኑም ሽታ አብረው ይወጣሉ። እዚህ ፀሐይ ጠላት ናት። ጨርቅና ብራና የሚታይበት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ሲሆን፣ 50 ማለት ደብዘዝ ያለ ሳሎን በሉት። በብርሃን የለቀቀ ቀለም አይመለስማ። ውጭ የሌስተር ሰው ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሸሚዙን አውልቆ ሣር ላይ ይጋደማል፤ ሙዚየሙ መጋረጃውን ይዘጋል።

ብራና ለመግለጥ ደግሞ በፊልም እንዳየሁት ነጭ ጓንት ጠብቄ ነበር። «እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ» ተባልን፤ ጓንት ያጠለቀ ጣት ቅጠሉን በደንብ ስለማይሰማው ይቀደዳል። አገር ቤት ያሉት ደብተራ ይህን ሳይማሩ ያውቁታል።

አንድ ቀን ትምህርቱ ስለ ብሪቲሽ ሙዚየም ሆነ። በፈረንጆቹ 1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሠራተኛውን አብሮ ልኮት ነበር። ዘማች ቄሰ ገበዝ መሆኑ ነው! የኛው ከደጀ ሰላም አይርቅም። ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ 11 ጽላቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለእይታ አይቀርቡም፤ ያሉበት ክፍል ከኛ ቀሳውስት በቀር ማንም አይገባበትም፤ ኪዩሬተሩም ቢሆን።

ክፍሉ ተንጫጫ። ያላዩትን ዕቃ እንዴት ይመዘግቡታል? ሁኔታውን ማን ይመረምራል? ብሉንስ ማን ይቆጥራል? አንዲት ልጅ ዞር ብላ «አንተ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥምቀት አጅቤ፣ እልል ተብሎ፣ መጎናጸፊያውን እንጂ ሌላ አላየሁም። ለማየትም አስቤ አላውቅም። ይህን ስነግራቸው ከብሉ ይልቅ እኔን በማጉያ መነጽር ሊያዩኝ ምንም አልቀራቸው።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ስለ ጽላቶቹ ነገርኳት። እንደ ፍሪዘሩ ወሬ ትስቃለች ብዬ ነበር። ዝም አለች።

«እና» አለች ቆይታ፣ «ማን ያጥንላቸዋል?»