«ኦሪጅናል ነው» ሲሉሽ ቁጥሩን ጠይቂ

እህቶቼ፣ ከቤይሩት ወደ አገር ቤት ብር ስንልክ የሚገዛውን እቃ አናየውም። ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ ላሟም በስልክ ፎቶ ነው የሚታየን። እኔ ዘንድሮ የተጠየቅኩት ለመኪና ሞተር ነው፤ ለአባቴ አሮጌ ቮልስ። «ሴትና ሞተርን ምን አገናኛቸው?» የምትል ካለች፣ የሚያገናኛቸው የሁለት ወር ደመወዜ ነው።

አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቮልሷ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። አገር ቤት መኪና እንዴት እንደተወደደ ታውቃላችሁ፤ ደህና ሆኖ የታደሰ ቮልስ ቢሸጥም ዋጋ ያወጣል፣ ለሰርግም ይከራያል። ታናሽ ወንድሜ አድሶ ሊሠራበት አሰበ። ሶማሌ ተራ አንድ ነጋዴ «ኦሪጅናል የጀርመን ፒስተን ከነሲሊንደሩ» ብሎ አራት መቶ ዶላር ጠራለት። «እትዬ፣ ቶሎ ላኪልኝ፣ ሊያመልጠኝ ነው» አለኝ።

ቡርጅ ሐሙድ ደረጃውን የማጸዳው ሕንፃ ሥር ጋራዥ አለ። ባለቤቱ አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ «ሙዓለም» ይላቸዋል። የድሮ መርሴዲስና ቮልስ ያድሳሉ። የሊብሬውንና የፒስተኑን ካርቶን ፎቶ አሳየኋቸው። «ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩ በ‹ኤፍ› ይጀምራል፤ ካርቶኑ ደግሞ 1200 ይላል። አንዱ ይዋሻል። ‹አስሊ› የሚባለው በአፍ አይደለም፤ ብረቱ ላይ የተመታውን አምጪ» አሉኝ።

ሻይ እየጠጡ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። የቮልስ የሞተር ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ብረቱ ላይ ተመትቷል። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ ያለው ፊደል ዓይነቱን ይናገራል፦ ‹ዲ› 1200፣ ‹ኤፍ› 1300፣ ‹ኤች› 1500። የ1200ውም የ1300ውም ፒስተን ስፋቱ እኩል 77 ሚሊሜትር ነው፤ ግን አንዱ 64 ሚሊሜትር፣ ሌላው 69 ሚሊሜትር ነው የሚመላለሰው። ስለዚህ «77 ነው» ስለተባለ ብቻ አይገዛም። ሞተሪኖም እንደዚያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ከተሳሳተ ጥርሱ አይያያዝም።

የፋብሪካው እቃ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ ቁጥር አለ። መሃለኛው በ1 ከጀመረ የሞተር ነው፣ በ3 ከጀመረ የካምቢዮ፣ በ9 ከጀመረ የኤሌክትሪክ። «ሜክሲኮ» የሚል ስላለበት ብቻም ቅጂ ነው አይባልም፤ ጀርመን ካቆመች በኋላ ሜክሲኮ እስከ 2003 ቮልስ ስትሠራ ነበር።

ይህን ለወንድሜ ብነግረው ተቆጣ። «አታምኚኝም?» አለኝ። ይህች ቃል ስንቶቻችንን ዝም አሰኝታ ብር አስልካናለች! «አንተንማ አምንሃለሁ፤ የማላምነው ካርቶኑን ነው። ዲናሞው ሥር ያለውን ጠርገህ ፎቶ አንሣልኝ» አልኩት። ሦስት ቀን አኩርፎ ከረመና ላከው። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር የሚጀምረው በ‹ዲ› ነው።

ሙዓለም ሲያዩት ሳቁ። ፒስተኑ ለተቀመጠው ሞተር ልክ ነበር፤ ልክ ያልሆነው ሞተሩ ራሱ ነው። እናቴን ብጠይቃት «አዎ፣ የድሮው ሲሰነጠቅበት ከጓደኛው ገዝቶ ቀይሮታል» አለችኝ። ሊብሬው ላይ ግን አልተመዘገበም።

ሳንጠይቅ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይነሣ ነበር። መኪናዋ ልትሸጥ ስትወጣ ወይም ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ግን ቁጥሩ ከሊብሬው አልገጥም ሲል ወንድሜ የሰረቀ ሊመስል ነው። ደግነቱ ሞተሩን የሸጡት ሰውዬ በሕይወት አሉ፤ ውል ፈርመውልናል፣ ለውጡንም ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቷል። ፒስተኑንም ገዛን። ያ ያኮረፈው ልጅ አሁን ራሱ ነው የሚደውለው፦ «እትዬ፣ ካርቡሬተሩ ላይ 28 ፒክት ይላል፣ ልክ ነው?» ልክ ነው፣ 28 የ1200 ነው፤ የ1300ው 30 ነው።

ይህ ለቮልስ ብቻ አይደለም። የባጃጅም፣ የወፍጮም፣ የውሃ መሳቢያም ሞተር ቁጥር አለው። እህቴ፣ ብር ከመላክሽ በፊት ሦስት ፎቶ አስልኪ፦ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን፣ የሚገዛው እቃ ላይ ያለውን። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እይ። ካልገባሽ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ፤ ደረጃ የምታጸጂበት ሕንፃ ሥር አንድ ሙዓለም አይጠፋም። «አታምኚኝም?» ካሉሽም፣ «አምናለሁ፤ ፎቶውን ላክ» በይ።