በግድግዳችን ላይ ስለ ተሰቀለው የአይሮፕላን ፎቶግራፍ

በኮልፌ ቀራንዮ ባለው ቤታችን፥ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፥ በመስተዋት የተከደነ አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይኖራል። በፎቶግራፉ የሚታየው በልደታ አይሮፕላን ማረፊያ የቆመ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳግላስ ዲሲ 3 ነው። አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና፥ ጅራቱ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ በልጅነቴ ለመብረር የሚያስብ አሞራ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በዚያ ማረፊያ ጭነት ጫኝና አውራጅ ነበረ። ማታ ማታ ከፎቶግራፉ ሥር ተቀምጦ ስለ አይሮፕላን ያጫውተን ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከእኛ በስተምዕራብ በገፈርሳ ሜዳ እንዳረፈ፥ አየር መንገዱም በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን እንዳደረገ የሰማሁት ከእርሱ ነው። በዚያን ጊዜ መንገደኛው በሁለቱ ጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይሄድ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የልደታ ሜዳ የማይበቃው ቦይንግ 720 ጄት ሥራ ሲጀምር ማረፊያው ቦሌ ሆነ፤ የአባቴም ሥራ ወደዚያው ዞረ። ዕድሜውን ሁሉ በክንፍ ጥላ ሥር ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈር ዐረፈ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ቤቱን በአዲስ ቀለም ካስቀባ በኋላ፥ «እማዬ፥ የድሮ አይሮፕላን ፎቶግራፍ ዛሬ የቤት ጌጥ ሆኖአል፤ የእኛን ለምን አሳድገን አንሰቅለውም?» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈቀድሁ። ተሠርቶ በመጣ ጊዜ አይሮፕላኑ ግድግዳውን ሞልቶ እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን በቀኝ ጥግ ከረጢት ተሸክሞ የሚታየው ሰው የለም፤ ሠራተኛው አይሮፕላኑን መካከል ለማድረግ ሲል ጠርዙን ቈርጦት ኖሮአል።

ልጄ ማዘኔን አይቶ፥ «ፊቱ እንኳ የማይታይ ሰው አይደለምን?» አለ።

«ያ ሰው አያትህ ነው» አልሁት።

ልጄ ዝም አለ። እኔም አፈርሁ፤ መስተዋቱን በየሳምንቱ ስወለውል ኖሬ ይህን አንድ ነገር ለልጄ አልነገርሁትምና። ከዚያ በኋላ ትንሹን ፎቶግራፍ አውርደን አሳየሁት። ከረጢቱ በግራ ትከሻ ላይ ነው፤ አባቴ ግራኝ ነበረ። እርሱ ራሱ ጥጉን በጣቱ እያመለከተ፥ «ፎቶግራፍ አንሺው የመጣው ለአይሮፕላኑ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ ገባሁበት» እያለ ይስቅ ነበር።

ዋናው ፎቶግራፍ ስላልተጐዳ፥ ልጄ ጠርዙ ሳይቈረጥ እንደገና አሠራው። አሁን ትልቁ በላይ፥ ትንሹ በታች ተሰቅለዋል።

አንባብያን ሆይ፥ የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳና ከማድ ቤት ጢስ አርቃችሁ ስቀሉት። ለማሳደግ ስትሰጡ የትኛው ክፍል እንዳይቈረጥ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሁሉም በፊት በጀርባው የሰውየውን ስምና ዘመኑን በእርሳስ በቀስታ ጻፉበት፤ እኛ የጻፍነው ለመጥፋት ጥቂት ከቀረው በኋላ ነው።