ቁስሉን ያልደበቀ ቤት

ስድስት ኪሎ የተማረ ሁሉ በራስ መኮንን አዳራሽ ደጅ አልፏል፦ ለክፍል እየተጣደፈ፣ ከጓደኛው ጋር እየተከራከረ፣ ለፈተና እያጠና። ያ ደጅ ምን እንዳየ ቆም ብሎ የነገረን ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ቤቱ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ለንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነው፤ ስሙም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምባቸውን የወረወሩት እዚህ ነው። ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሕዝብ እዚያው በጥይት ረገፈ፤ ጭፍጨፋው ሦስት ቀን ከተማውን አዳረሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ያሳወቀው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው።

ጣሊያኖች በግቢው ውስጥ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አቆሙ፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የወራሪውን ትዕቢት ከነመልሱ አቁሞ ለትውልድ ማሳየት ከማፍረስ የበለጠ ድል ይመስለኛል።

በታኅሣሥ 1953 ደም እንደገና እዚህ ቤት ፈሰሰ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከመካከላቸው አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። በሸዋ ዱር ለዓመታት ጣሊያንን ተዋግተው የተረፉት አርበኛ በወገን ጥይት እዚህ ወደቁ።

ንጉሡ ግን ቤቱን ቆልፈው አልተዉትም፤ ለትምህርት ሰጡት። ልክ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት መሪነት ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሕንፃው ሙዚየም ነው። የሕዝቦቻችን አኗኗር ከልደት እስከ ሞት በተራ ተደርድሮበታል፤ ሥዕሎቹም የሙዚቃ መሣሪያዎቹም እዚያው አሉ። የንጉሡና የእቴጌ መነን መኝታ ቤቶች እንደነበሩ ተጠብቀዋል። የንጉሡ መስታወት ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አሁንም ይታያል። አልተቀየረም፣ አልተለሰነም።

ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ዙፋኑን የሚሞግት ትውልድ ማፍራቱም አይረሳም። «መሬት ለአራሹ» ያሉት ተማሪዎች የተሰበሰቡት፣ በታኅሣሥ 1962 መሪያቸው ጥላሁን ግዛው ሲገደል አስከሬኑን ከበው ያለቀሱትና የተገደሉት እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው።

አሮጌ ቤቶቻችንን በፍጥነት በምናፈርስበት በዚህ ዘመን ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት አገልግሎቱን እየለወጠ፣ ቁስሉንም ሳይደብቅ መኖር እንደሚችል ገነተ ልዑል ምስክር ነው። መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ፍሬሽ ተማሪ በገባበት በመጀመሪያው ሳምንት እዚህ ቤት ይምጣ። ደጁን፣ ደረጃውንና መስታወቱን አሳዩት፤ የአብርሃን፣ የሞገስንና የጥላሁንን ስም እዚያው ቆሞ ይስማ። የሚማርበት መሬት በምን ዋጋ እንደተገኘ ያወቀ ተማሪ፣ ዲግሪውን ለምን እንደሚፈልገው ራሱን መጠየቁ አይቀርም።