የሠራሁት ገጽና የአክስቴ ልጅ

ይህን የምጽፍልህ ምክር ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ጥፋቴንም ለመናገር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንህ፥ ወይም በቅርቡ ተቀጥረህ «ይህ ልጅ ኮምፒዩተር ያውቃል» የተባልህ እንደ ሆነ፥ አንድ ቀን «የክፍላችንን ድረ ገጽ ሥራልን» መባልህ አይቀርም። እኔም ተብዬ ነበር።

የተወለድሁት አምባራስ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቀውን መንገድ የሄደ ሰው መንደራችንን ያውቃታል። የአክስቴ ልጅም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በወረዳ መሥሪያ ቤት በዲፕሎማ ይሠራል፤ ዲግሪውን በቅዳሜና እሑድ ትምህርት ለማግኘት ይመኛል። በ2017 ዓ.ም. እናቱን ሊጠይቅ አምባራስ ሄዶ ሳለ፥ ኔትወርክ ይገኝበታል ከሚባለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፥ እኔ የተማርሁበትን የትምህርት ክፍል ድረ ገጽ በስልኩ ከፈተ። ገጹ የቅዳሜና እሑድ ምዝገባ መኖሩን፥ ይዞ መቅረብ የሚያስፈልገውን ማስረጃና የምዝገባውን ወር በግልጥ ይናገራል። አክስቴ አንድ በግ ሸጠች። እሱም የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቆ፥ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ ከክፍሉ በር ደረሰ። ትምህርቱ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሲመለስ አልተቆጣም። «ወንድምዓለም፥ ገጹ ግን በጣም ያምር ነበር» አለኝ። ማን እንደ ሠራው አያውቅም ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጠሩኝና ሥራውን ሰጡኝ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ዎርድፕሬስ የሚባለውን ፕሮግራም መረጥሁ፤ ይህ ፕሮግራም ኮድ ሳይጽፉ ጽሑፍና ሥዕል ለማውጣት ስለሚያስችል ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እርሱን ከመምረጥ አልመለስም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀለም ምርጫ ላይ ዋልሁ። ከላይ የሚንሸራተቱ አምስት ሥዕሎች፥ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፥ የጎብኚ መቁጠሪያ፤ ያልጨመርሁት ጌጥ የለም። በየጌጡም አንድ አንድ ተቀጥላ ፕሮግራም ገጠምሁ፤ ተቀጥላ በየጊዜው ካልታደሰ ለሰርጎ ገብ በር እንደሚከፍት ያወቅሁት ኋላ ነው። ከነገ ወዲያ ይህን ሁሉ ማን ያድሰዋል ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። መግቢያውን የከፈትሁት በራሴ የተማሪ ኢሜል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ስመረቅ ኢሜሉ ተዘጋ፤ የይለፍ ቃሉም ከማስታወሻ ደብተሬ ጋር አብሮኝ ወጣ። ምናልባት ብዬ ያስተማርኋቸው ሁለት ወጣት ሌክቸረሮች ነበሩ፤ እነሱም ለሁለተኛ ዲግሪ ሄዱ።

ድረ ገጽ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈው ይህንኑ ችግር ለማስወገድ ነበር ብልህ ታምነኛለህን? እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ማእከል ሐሳቡን በ1989 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ፥ ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው ሲሄዱ የሚያውቁት ነገር አብሮ መጥፋቱ ነው። የሚያስቀው ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ ራሱ ከአድራሻው ጠፍቶ መቆየቱ ነው፤ ሰርን ወደ ቦታው የመለሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሳነብ ጥቂት ተጽናናሁ። የአክስቴን በግ ግን አልመለሰልኝም።

እንግዲህ ስልክ ደወልሁ፤ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በመጨረሻም ራሴ ሄድሁ። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሰርቨሩን በሚያዝዙበት ሥልጣን አዲስ መግቢያ ከፈቱልን፤ በእኔ ስም ሳይሆን በክፍሉ ስምና በክፍሉ ኢሜል። አንተም ስትጀምር ከዚህ ጀምር። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ የሚያበቃው በኢዲዩ ነጥብ ኢቲ ነው፤ ክፍልህ ከዚያ ሥር ቦታ እንዲሰጠው ጠይቅ። በገዛ ስምህ ከነጻ አገልግሎት ሰጪ ላይ አትክፈት፤ ፈጣን መስሎ ይታይሃል፤ አንተ ስትሄድ ግን ገጹ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ጌጡን ሁሉ ነቀልሁት። የቀረው አንድ ገጽ ነው፦ ክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት፥ የመምህራኑ ስም፥ የቢሮው ስልክ፥ ማስታወቂያ። ሥዕል ሁለት ብቻ። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ሦስት አራት ሜጋባይት ይመዝናል፤ እሱን ሳያሳንስ የሚያወጣ ሰው፥ ጉብታ ላይ ቆሞ በካርድ የሚያነበውን ሰው ገንዘብ ያባክናል። እኔ ከሁለት መቶ ኪሎባይት በታች አደረግኋቸው።

አማርኛውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መለያ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቀድሞ የነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የላቲኑን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ስለ ነበር፥ ከክፍሉ አሮጌ ሰነዶች የገለበጥኋቸው ጽሑፎች በገጹ ላይ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ወጡ፤ እንደ ገና በእጄ ጻፍኋቸው። ቀኑንም አትርሳ። እኛ ሁለት የዘመን አቈጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን፤ «2017» ብለህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትል ብትተው፥ አንባቢህን በሰባትና በስምንት ዓመት ታሳስተዋለህ።

ትልቁ ጥያቄ ግን «ማን ይጠብቀው?» የሚለው ነበር። ኃላፊው ሌላ ወጣት ሌክቸረር ሊሰጡኝ አሰቡ። እኔም በድፍረት፥ «ጌታዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ለክፍሉ ጸሐፊ ይሁን» አልኋቸው። ገረማቸው። ጸሐፊዋ በዚያ ቢሮ ለብዙ ዓመት የኖሩ፥ እኔንም «ልጄ» እያሉ ያሳለፉኝ ሴት ናቸው። ኮድ አያውቁም። ነገር ግን ፈተና ሲራዘም፥ ትምህርት ሲቋረጥ፥ መምህር ሲለቅ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ማስታወቂያውን ተይበው ከበሩ ላይ የሚለጥፉትም እሳቸው ናቸው። ያንኑ ወረቀት በገጹ ላይ እንዲያወጡ ለማስተማር ሁለት ከሰዓት በኋላ በቃን። በየወሩ መጀመሪያ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብበው የታየበትን ቀን ከግርጌው ይጽፋሉ። ፕሮግራሙን ማደስና ቅጂውን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግን የባለሙያዎቹ ሥራ ሆኖ ቀረ።

በስንብቴ ጊዜ «ልጄ፥ ብሳሳትስ?» አሉኝ። «ያረጀ እውነት ከሚያወጡ ትኩስ ስሕተት ይሻላል» አልኋቸው፤ ስቀው ሸኙኝ።

ለአክስቴ ልጅ ነገሩን ሁሉ አንድ ምሽት ደባርቅ ላይ ሻይ እየጠጣን ነገርሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «በጉን ለእናቴ አንተ ትገዛለህ» አለኝ። ለፋሲካ ገዛሁ።

ባለፈው ዓርብ ገጹን በስልኬ ከፍቼ ነበር። ከግርጌው የዚያው ወር ቀን ተጽፎበታል። ከላይ ደግሞ «የማታ ተማሪዎች ፈተና ለሚቀጥለው ሳምንት ተዘዋውሯል» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ከውስጡም «ሳምንት» የሚለው ቃል «ሳምት» ተብሎ ተጽፏል። እጄ ሊያርመው ሄደ። የይለፍ ቃሉ ግን እኔ ዘንድ የለም።