በሐይቁ ዳር የጠፋው ሰዓት

ቀድሞ በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ወደማያውቀው ሰው ደጅ ቀርቦ፥ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፥ መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም በቅሎውን ተቀብሎ፥ እግሩን አጥቦ፥ ከቤት ያፈራውን አብልቶ በመደቡ ላይ ያስተኛው ነበር። እንግዳውም በማለዳ ተነሥቶ መርቆ ይሄዳል እንጂ «ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በእቴጌ ጣይቱ አሳብ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል በተከፈተ ጊዜ ሰው ለእንጀራ ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበር ይባላል። ዛሬ ግን በየከተማውና በየሐይቁ ዳር ሆቴል አለ፤ መክፈልም ነውርነቱ ቀርቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አልጋውን ብቻ ተከራይቶ ሳለ፥ አልጋውን የሚያነጥፉለትንም ሰዎች የገዛቸው የሚመስለው እንግዳ አይጠፋም።

በ2011 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ልጁን በመኪና ይዞ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወረደ። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በሞጆና በመቂ ያልፍና የዝዋይን ሐይቅ በስተግራ ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያም በግራር ዛፎች መካከል ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ከውኃው ዳር ያደርሳል።

ልጁ ከዚያ በፊት ሐይቅ አይቶ አያውቅም። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያየው ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ነበርና፥ ወተት የገባበት ሻይ የሚመስል ውኃ በፊቱ ተዘርግቶ ባየ ጊዜ ተገረመ። አባቱ ግን ተቈጣ። «ይህ ጎርፍ ነው እንጂ ሐይቅ ነውን? ይህን ያህል ገንዘብ የከፈልሁት በጭቃ ልታጠብ ነውን?» አለ።

በደጅ የቆመው ሽማግሌ ዘበኛ ይህን ሰምቶ፥ «ጌታዬ፥ ጭቃ አይደለም፥ መልኩ ነው» አለው። ነገሩም እንደ ተናገረው ነው። ከዱቄት ይልቅ የላመ አፈር በውኃው ውስጥ ተበትኖ ይኖራል፤ ከልሙጥነቱም የተነሣ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ በብርጭቆ ቀድተው ቢያሳድሩትም ጥርት አይልም። በብዙ ሐይቆች ዳር የሚያስፈራው የቢልሃርዝያ በሽታ በላንጋኖ የለም ስለሚባል፥ ሰው ሁሉ ያለ ስጋት ይዋኝበታል። ነጋዴውም ጥቂት ካጕረመረመ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ ገባ፤ ከሁሉም በኋላ ወጣ።

ያ የመጀመሪያው ቀን እጅግ ያማረ ነበር። ለምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ ቀረበላቸው፤ ልጁም የዓሣውን አጥንት እየለየ መብላትን ከእናቱ ተማረ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አናታቸውን ደፍተው፥ እንደ ደብተራ ካባቸውን አጣፍተው፥ ዓሣ አጣቢው የሚጥልላቸውን አንጀት በወጥ ቤቱ ኋላ ቆመው ይጠባበቁ ነበር። ልጁ ከእነርሱ ጋር ግማሽ ቀን ዋለ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፥ ጸጥ ብሎ የዋለውም ውኃ ሞገድ ያወጣ ጀመር። ዘበኛውም ዋናተኞቹን ሁሉ እየጠራ ወደ ዳር አወጣቸው።

ማታ ወደ መኝታቸው በገቡ ጊዜ በልጁ ትራስ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ተቀምጣ አገኙ። ለካ ፎጣ ኖሯል። አልጋ አንጣፊዋ አጥፋና ጠምዝዛ፥ አንገትና ክንፍ አውጥታ የሠራችው ነው። እርስዋም ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ የአርሲ ልጅ ነበረች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነጋዴው ተኛ። በራስጌው የሟች አባቱ ስጦታ የሆነው የእጅ ሰዓት ተቀምጦ ነበር። ልጁም በውኃ ውስጥ ትንፋሹን ስንት ሰኮንድ እንደሚይዝ ሊቈጥር ወድዶ፥ ሰዓቱን ቀስ ብሎ አነሣና ወደ ሐይቁ ሄደ። በውኃው አፋፍ በአሸዋው ላይ አስቀምጦ ተመልክቶት ይጠልቃል፥ ወጥቶም እንደ ገና ይመለከታል። መጀመሪያ ሃያ፥ ቀጥሎ ሃያ አምስት ሆነለት። በዚህ መካከል የዘጠኝ ሰዓቱ ነፋስ መጣ። ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ጠልቆ ራሱን ባነሣ ጊዜ ሞገዱ ዳሩን አልብሶት አሸዋው ሁሉ መልኩን ለውጦ ነበር። በእጁ ዳበሰ፤ ነገር ግን በዚያ ውኃ ውስጥ ሰው የገዛ ጣቶቹን እንኳ ማየት አይችልም። ሰዓቱ ጠፋ። ልጁም ወደ ቤት ተመልሶ ከአልጋው ላይ ወጣና የተኛ መሰለ።

ነጋዴው ነቅቶ ሰዓቱን ባጣ ጊዜ ልጁን አልጠየቀም። ለምን ይጠይቀዋል? ወደ ክፍሉ የምትገባ አንዲት ድኻ ሴት መኖሯን ያውቃልና። ማታ እንግዶቹ ሁሉ ለእራት በተቀመጡበት አዳራሽ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ፥ «ሰዓቴን ያቺ አልጋ አንጣፊያችሁ ሰርቃኛለች!» ብሎ ጮኸ። ልጅቱም ተጠርታ መጣች። አፏን ፍርሃት ይዞት መናገር ስላቃታት የያዘችውን ቦርሳ በጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። መስተዋት፥ ማበጠሪያ፥ በላስቲክ የተቋጠረ ቈሎ፥ ለታናሽ ወንድሟ ደብተር ልትገዛበት ያስቀመጠችው ሃምሳ ብር ወጣ። ነጋዴውም ሃምሳውን ብር በጣቱ ነካ አድርጎ፥ «ይህንንስ ከማን ክፍል አነሣሽው?» አላት።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ደመወዟ እንደሚያዝ ተናገረ። ልጁ በአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። በፊቱ የቀረበው ዓሣ ቀዘቀዘ።

በዚያ ሌሊት ነፋሱ ቆመ፤ ልጁ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ውኃው ዳሩን ሲልስ ከሩቅ ይሰማዋል፤ ያ ድምፅም ሰዓት የሚቈጥር ይመስለው ነበር።

በማለዳ አባቱና እናቱ ቡና ሊጠጡ ወደ ውጭ በወጡ ጊዜ አልጋ አንጣፊዋ መጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እንድትጠብቃት የታዘዘች ሌላ ሠራተኛም በበሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቱ አንሶላውን ለወጠች፥ ብርድ ልብሱን አጠፈች፥ ከዚያም እንደ ልማዷ ፎጣውን አንሥታ ወፏን ሠራችና በልጁ ትራስ ላይ አኖረችለት። ይህን ባየ ጊዜ ልጁ አለቀሰ።

«እታለም፥ ሰዓቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላት።

ልጅቱ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «ይህን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ለአባትህ ንገር» አለችው።

«አባባ ይመቱኛል።»

«አንተ ልጅ ነህ፥ ተመትተህ ታድራለህ። እኔ ግን ሌባ ተብዬ ወደ ሰፈሬ እንዴት እገባለሁ?»

ልጁ ባዶ እግሩን ሮጦ ሄደ፤ በቡናውም ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አባቱ ሲኒውን አስቀመጠ። አልመታውም፤ ነገር ግን ፊቱን ከልጁ አዙሮ ሐይቁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በመጨረሻም ከኪሱ አምስት መቶ ብር አውጥቶ፥ «ይህን በጓዳ በኩል ስጫት፤ ከሥራ አስኪያጁም ጋር እኔው እነጋገራለሁ» አላት ለሚስቱ።

ሚስቱም ገንዘቡን ሳትቀበል፥ «ክሱ በአደባባይ ነበረ፥ ይቅርታው በጓዳ እንዴት ይሆናል?» ብላ መለሰችለት።

ሰው በአደባባይ የተናገረውን በአደባባይ መልሶ መዋጥ ያንቃል። ስለዚህ ነጋዴው ይህን ማድረጉን አቅልለን ልናየው አይገባም። በምሳ ሰዓት፥ እንግዶቹ ተሰብስበው ሳሉ፥ ከወንበሩ ተነሥቶ፥ «ትናንት በዚህ ስፍራ ይህችን ልጅ ሌባ ብያታለሁ። ሰዓቱን ያጠፋው የገዛ ልጄ ነው። በድያታለሁ፥ ይቅር ትበለኝ» አለ። ከትናንቶቹ እንግዶች ግን ሁለት መኪና ሙሉ ሰዎች በጧት ወደ ሐዋሳ ተጕዘው ነበር። እነርሱ ክሱን ሰምተው ይቅርታውን ሳይሰሙ ሄደዋል፤ ተከትሎ የሚነግራቸውም የለም።

ልጅቱ አንሶላዎቿን እንደ ታቀፈች በበሩ ቆማ ሰማችው። «ይሁን፥ ጌታዬ» አለችው። አምስት መቶውን ብር በዘረጋላት ጊዜም፥ «ለአልጋው ከፍለዋል» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ሱሪውን ጠቅልሎ ከልጁና ከሽማግሌው ዘበኛ ጋር ከወጥ ቤት በተዋሱት ወንፊት የዳሩን አሸዋ ሲነፋ ዋለ። ጠጠርና የዓሣ አጥንት አገኙ፤ ሰዓቱን ግን አላገኙም። በዘጠኝ ሰዓት ነፋሱ መጣና ሥራቸውን አስተዋቸው።

በማግስቱ ዕቃቸውን ጭነው ከሆቴሉ ደጅ ሊወጡ ሲሉ ልጅቱ እየሮጠች ደረሰች። በእጇም ነጭ ነጠላ ይዛ ነበር።

«እትዬ፥ ነጠላዎ በአልጋው ላይ ቀርቶ ነበር» አለች።

እናቲቱ በመስኮት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። በነጠላው ጫፍ የቋጠረችው የመንገድ ገንዘብ ነበረ፤ ቋጠሮውም እንዳሰረችው ነበር። ነጋዴው አየው፥ ምንም ቃል አልተናገረም። ልጁ በኋለኛው መስኮት እጁን ሲያወዛውዝላት፥ መኪናው በግራሮቹ መካከል ቀስ እያለ ሄደ።