ዓይን የሌለው ፈረስ

የከተማ ልጆች፣ ብስክሌት ሲባል ባህር ዳር ብቻ ትዝ የሚላችሁ ከሆነ ዛሬ ወደ ጥሊሊ ልውሰዳችሁ። አገሩ አዊ ነው፤ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት የፈረስ አገር። እዚያ በጨለማ ብስክሌት እነዳለሁ ስል አጎቴ ሳቁብኝ። «ፈረስ በጨለማ ያያል፤ ያንተ ብረት ግን ዕውር ነው» አሉኝ። ልጃቸው ደግሞ «የአዲስ አበባ ልጅ ፈሪ ነው» ሲል ክብሬ ተነካና ተያይዘን ወጣን።

እናላችሁ፣ በባህር ዛፉ መሃል በእግር መንገዷ ቁልቁል ስንወርድ ዳይናሞው ጉዱን አሳየኝ። ጎማው ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፤ ፍሬን ስይዝ ይፈዝዛል፤ ስቆም ድርግም! ለማየት መፍጠን፣ ለመትረፍ መዘግየት! ከማዶ ጅብ ይጮሃል። ወረድኩና መግፋት ጀመርኩ። የአጎቴ ልጅ ከት ብሎ ሳቀ። ጥቂት እንደሄድን ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ መንገዱን ቆርጦት አገኘነው። ሳቁም እዚያው ቆመ።

መሞከር ካማራችሁ መንገዱን አስቀድማችሁ በቀን እዩት። በባትሪ የሚሠራ መብራት መሪው ላይ እሰሩ፤ ከዝቅታ ሲበራ የጉድጓዱን ጥላ ያሳያል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የአንድ አይሱዙ መብራት ግን በቅጽበት ያጠፋባችኋል። ከሁሉም በላይ፣ መብራታችሁ በሚያሳያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

«ፈሪ ለእናቱ» የሚባለው ለካ ስድብ ብቻ አይደለም!