አደራችሁን ተረከቡኝ



ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ባልና ሚስት ሆነን ነው። የምንናገረው ስለ አንዲት ክርስቲያን መምህርት ቢሆንም ጥፋቱ የራሳችን ነው። ሌሎች ወላጆች በእኛ ከደረሰው ይማሩ ዘንድ ጻፍነው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአምስት ዓመት ልጃችንን በሠፈራችን ወዳለ መዋዕለ ሕፃናት ወሰድናት። ቁርኣን የምትቀራው ቅዳሜና እሑድ ስለነበር አምስቱን ቀን የምትውለው እዚያ ነው። የክፍሏ መምህርት ማተብ ያሰሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ እናት ነበሩ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል። እውነቱን እንናገርና ማተቡን ስናይ ልባችን ፈራ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ማዘዙን እናውቃለን። ነገር ግን ሕፃን ልጅ የምትከተለው አንቀጽን ሳይሆን የመምህሯን እጅና አፍ ነው ስንል ሠጋን። ሥጋቱ ባልከፋ ነበር፤ ሥጋታችንን ግን ወደ ጥርጣሬ አሳደግነው።

ኅዳር ላይ ልጃችን እያለቀሰች መጣች። «ቲቸር ሳምቡሳዬን ቀማችኝ» አለች። «የሌሎቹንስ ልጆች?» ብንላት «የኔን ብቻ» አለችን። ከዚያ በላይ አልጠየቅናትም። «ሙስሊም ስለሆነች ነው» ብለን ደመደምን። ደምድመንም ዝም አላልንም፤ ልጆቻቸውን እዚያው ለሚያስተምሩ ሁለት ጎረቤቶቻችን በዚያው ማታ ነገርን።

በማግስቱ ተቆጥተን ሄድን። መምህርቷ በር ላይ ተቀበሉን። «ሳምቡሳው የስጋ ነው፤ የወሰደችውም ከክርስቲያን ጓደኛዋ ምሳ ዕቃ ነው። እሷ ልጅ ናት፣ አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ» አሉን። ከዚያም ምሳ ዕቃዎቹ ወደተደረደሩበት ወሰዱን። በሙስሊም ልጆች ምሳ ዕቃ እጀታ ላይ ሁሉ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ክሩን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው፤ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። የክርስቲያን ልጆችም የእኛን ስጋ እንዳይቀምሱ የሚጠብቋቸው በዚሁ ክር ነው። «አምናችሁ ሰጥታችሁኛል፤ አደራ ደግሞ የሰማይም የምድርም ዕዳ ነው» አሉን። እኛ አማና የምንለውን ማለታቸው ነበር።

እኛስ ምን አልን? «እናመሰግናለን» ብለን አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ይቅርታ አልጠየቅንም። ይባስ ብሎ ወደ ጎረቤቶቻችን ተመልሰን «ተሳስተናል» ለማለት አፈርን። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ስንል ሳምንት አለፈ። በሳምንቱ ከሁለቱ ቤተሰብ አንዱ ልጁን ከትምህርት ቤቱ አስወጣ። ይህን ስንሰማ ተያየን፤ አሁንም ዝም አልን።

በዚያ ዓመት ረመዳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ። ልጃችን «እኔም ጾመኛ ነኝ» ብላ ምሳዋን አልከፍትም አለች። መምህርቷ አላስገደዷትም፣ አልሳቁባትምም፤ ስልክ ደውለው «ቤታችሁ የተነገራት ምንድን ነው? በእናንተ ልክ ልንገራት» ብለው ጠየቁን። ጾሙን በግማሽ ቀን እንድትፈታ ተስማማን። እሳቸውም ሳይበሉ አጠገቧ ተቀምጠው አበሏት። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ደግነት ዕዳችንን ያከብደው ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች በዓል ሆነ። ሕፃናቱ ጋዋን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ሲሰለፉ ግቢው በእልልታ ተሞላ። በመጨረሻ መምህርቷ ጡረታ መውጣታቸው ተነገረና ወደ መድረክ ተጠሩ። ንግግራቸው አጭር ነበር። «ልጆቻችሁን ንጹሕ አድርጋችሁ ሰጣችሁኝ፤ እኔ አንዳንዴ ጉልበታቸው ተልጦ፣ አንዳንዴ ልብሳቸው ቀለም ነክቶት መለስኳቸው። ዛሬ አደራችሁን ተረከቡኝ። ሳላውቅ ያስቀየምኩት ሰው ካለም ይቅር ይበለኝ።»

ከዚያም እያንዳንዱን ልጅ በእጁ እየያዙ ለወላጁ አስረከቡ፤ ስለ ልጁም አንዳንድ ነገር እየነገሩ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ «ይቺ ልጅ ስትፈራ ግማሹን ብቻ ነው የምትናገረው። አትቆጧት፤ ቀሪውን ግማሽ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት» አሉን።

በደለኞቹ ቆመን ሳለ ተበዳይዋ ይቅርታ ሲጠይቁ መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እዚያው ሁሉን ነገርናቸው። የነገርነውን፣ ያልመለስነውን፣ የወጣውን ልጅ። ጥቂት ዝም ብለው «ሰምቻለሁ» አሉን። «ኅዳር ላይ ነው የሰማሁት። ልጁ ሲሄድ አልቅሻለሁ። ልጃችሁን ግን በእናንተ አልተቀየምኳትም። ፈጣሪ ሁላችንንም ይቅር ይበለን። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ለዚያ ልጅ ወላጆች ንገሯቸው። ለእኔ ብላችሁ ሳይሆን ለልጁ። አስተማሪዬ ጠልታኝ ነበር ብሎ እንዳያድግ።»

በዚያው ማታ ሄድን። ጎረቤታችን አዳምጦን ሲያበቃ «ታዲያ እስከ ዛሬ?» አለን። መልስ አልነበረንም። በማግስቱ ልጁን ይዞ መምህርቷን ሊሰናበት ሄደ።

ወላጆች ሆይ! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አል-ማኢዳህ ቁጥር 8 ሰዎችን መጥላታችን ፍትሕን እስከ መተው እንዳያደርሰን አጥብቆ ያስጠነቅቀናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የማያመሰግን አላህን እንደማያመሰግን አስተምረውናል። በበድር ዘመቻ፣ በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከተማረኩት ሙሽሪኮች መካከል መጻፍ የሚያውቁት የመዲናን ልጆች አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉ በታሪክ ተዘግቧል። ከጠላት እንኳ ዕውቀት ተቀብሎ ውለታውን መክፈል ከተቻለ፣ የልጆቻችንን ሐላል የጠበቁ እናትማ ምን ያህል ይገባቸዋል? የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ሙስሊም ባለመሆኑ አይቀልም።

እምነታችንን ለልጆቻችን ማስተማር የእኛ የወላጆች ሥራ ነው፤ ለዚያ ሥራ የሌላውን ስም ማጥፋት አያስፈልግም። ልጅ ከትምህርት ቤት ወሬ ይዛ ስትመጣ ቀሪውን ግማሽ እንጠይቅ። የተናገርነው ስሕተት ሆኖ ከተገኘም በነገርንበት በር ሁሉ ተመልሰን እናንኳኳ። ሳምንት አንቆይ።

ከበዓሉ ስንመለስ ልጃችን «ቲቸር አማና ታውቃለች፤ ሙስሊም ናት እንዴ?» አለችን። «አይደሉም» አልናት። «ሒዳያ በአላህ እጅ ነው፤ ዱዓ አድርጊላቸው። የእኛ ድርሻ ሐቃቸውን መክፈል ነው።» ጥቂት አሰበችና አረንጓዴ ክሩን ከምሳ ዕቃዋ ላይ እንዳንፈታው ለመነችን። እስከ ዛሬ አልፈታነውም።

አላህ የበደልናቸውን ሰዎች ሐቅ በዚህች ዓለም ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።